ፖሊስ የማን ነው? የብሔር ፖለቲካና የሕግ ጥበቃ ከቦሌ ሲታይ



ስለ ፖሊስ ስንጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ጉቦን፣ ዱላንና የትራፊክ ቅጣትን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደውን ነው። የአንድ አገር ፖለቲካ በብሔር ሲደራጅ፣ ፓርቲውም ክልሉም በጀቱም በብሔር ስም ሲቆም፣ ጠመንጃና ካቴና የያዘው ሰው ምን ይሆናል? በሕግ ስም መንገድ ላይ የቆመው ሰው የሁሉም ጠባቂ ሆኖ መቀጠል ይችላል? ወይስ ሳይወድ በግዱ የአንድ ወገን ዘብ ይሆናል?

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የብሔር ፖለቲካ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባው በሦስት በር ነው። አንደኛው የትእዛዝ በር ነው፤ ፖሊሱን ማን ያዘዋል? ሁለተኛው የጥርጣሬ በር ነው፤ ፖሊሱ ማንን ይጠረጥራል? ሦስተኛው የዝምታ በር ነው፤ ፖሊሱ ማን ሲገደል ቆሞ ያያል? ከሦስቱ እጅግ የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስቱንም መዝጋት የሚቻለው ደግ ፖሊስ በመመኘት አይደለም። ከፓርቲም ከክልልም ውጭ ቆሞ ፖሊስን የሚጠይቅ አካል ሲኖር ነው።

ይህን ጉዳይ በቦሌ ማንሣት ተገቢ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ገርጂና ጎሮ፣ ከሲኤምሲና ሰሚት እስከ አያትና ቦሌ አራብሳ ድረስ ያለው የከተማችን ምሥራቅ፣ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በአንድ ደረጃ የሚወጡበትና የሚወርዱበት ነው። ኮንዶሚኒየሙን የተከፋፈልነው በዕጣ ነው። ዕጣው የማንንም የትውልድ ሐረግ ሳይጠይቅ ጉራጌውን ከኦሮሞው፣ አማራውን ከሲዳማው፣ ትግራዋዩን ከወላይታው ጋር ግድግዳ አጋርቷል። ቦሌ ሚካኤል ሶማሊኛ እንደ ልብ የሚነገርበት ሰፈር ከሆነ ቆይቷል። ወደ ዳርቻው ያለው መሬት ደግሞ እስከ ቅርብ ዓመታት የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻ ነበር፤ ይህን ዘሎ ስለ ቦሌ ዕድገት የሚያወራ ግማሹን እውነት ትቷል። በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተመሠረተ። ከእሱ ወዲያ ያለው ለገጣፎ ኦሮሚያ ነው። ከአያት ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሚኒባሱን ሳይቀይር ፖሊሱ ይቀየርበታል።

ወደ ራሳችን ከመመለሳችን በፊት ጎረቤቶቻችንን እንይ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃ አገር ሆነች። ባንዲራው ሲወጣ ያለቀሰው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን የአዲሲቱ አገር ጦርና ፖሊስ የተዋቀረው በአመዛኙ ለዓመታት በጫካ ከተዋጉ ታጣቂዎች ነው። ታጣቂው የሚያውቀው አዛዡን ነው፤ አዛዡም የጎሳውን ልጆች ይዞ የገባ ነው። ዩኒፎርሙ አዲስ ነበር፣ ታማኝነቱ ግን የቆየው ነበር። በታኅሣሥ 2006፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ በፕሬዚዳንቱ በሳልቫ ኪርና በቀድሞ ምክትላቸው በሪክ ማቻር መካከል የነበረው የፓርቲ ጠብ ወደ ጁባ ሰፈሮች ወረደ። ጉደሌ በተባለው ሰፈር በሚገኝ የፖሊስ ሕንፃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኑዌር ወንዶች ታጉረው በጥይት ተደበደቡ። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመውና በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የዚያን ጊዜውን ግፍ መርምሮ ጽፏል። ሕንፃው የዜጎች መሸሸጊያ እንዲሆን የተሠራ ነበር። የሰላም ድርድሩ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእኛው ሆቴሎች ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ወራት ያስተናገድን ከተማ ትምህርቱንም መቅሰም ይገባን ነበር።

ኬንያ ደግሞ ነፃ ከወጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ተፈተነች። እ.ኤ.አ. በ1963 የተረከበችው ፖሊስ ቅኝ ገዥው ራሱን ከተገዢው እንዲጠብቅለት ያቋቋመው ነበር። አዲሶቹ ገዥዎች አላፈረሱትም፤ ተቀመጡበት። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የተካሄደው ምርጫ ሲያወዛግብ ይህ ፖሊስ ምን እንደሆነ ታየ። በዳኛ ፊሊፕ ዋኪ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን 1,133 ሰዎች መሞታቸውን መዘገበ፤ ከእነሱ 405ቱ የሞቱት በጥይት ነበር። የተቃዋሚው ደጋፊዎች በሚበዙባት ኪሱሙ ፖሊስ ተኮሰ። በሌሎች አካባቢዎች ደግሞ ቤት ሲቃጠል አልደረሰም። በአንድ አገር፣ በአንድ ሳምንት፣ አንዱ ዩኒፎርም እንደየሰፈሩ ሁለት ጠባይ አሳየ።

አሁን ወደ ቤታችን። እኛ ቅኝ አልተገዛንም። ነገር ግን በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ላይ የቆመ አዲስ መንግሥት መሥርቷል፤ ስለዚህ የአዲስ አገር ፈተና እኛም ዘንድ አለ። በዚህ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አቋቁመው ይመራሉ፤ በአንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱ የፌዴራል ፖሊስን ያቋቁማል። ይህ አደረጃጀት ትርፍ አለው፤ ትርፉንም በቅን ልቦና መመስከር አለብን። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት አንድ የሲዳማ ወይም የአፋር ገበሬ ፖሊስ ጣቢያ ሲቆም ቃሉን የሚሰጠው በማይችለው ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ ነበር። ዛሬ በቋንቋው አቤት ይላል። ይህን መብት ሊነጥቀው የሚፈልግ ሰው ፍትሕን እየጠየቀ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ ግን አንድ ክፍት ቦታ ትቷል። አንቀጽ 87ን አንብቡ። የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲይዝ፣ ተግባሩንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ያዛል። ስለ ፖሊስ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ጠላት ሲመጣ ድንበር ላይ የሚቆመው ሠራዊት የሁሉም መልክ እንዲኖረው የተጨነቀው ሕግ፣ በየቀኑ በራችን ላይ የሚቆመውን ፖሊስ ረስቶታል። በክልል ውስጥ በቁጥር አነስ ብሎ ለሚኖር ሰው ይህ ክፍተት የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። መጥቶም አይተናል።

ወደ መጀመሪያው በር እንግባ፤ የትእዛዝ በር። በሶማሌ ክልል በ1999 ገደማ የተጀመረው ልዩ ኃይል ወደ ሌሎቹም ክልሎች ተዛመተ። ልዩ ኃይል በሕገ መንግሥቱ ስሙ የለም። ፖሊስ ይባል እንጂ የታጠቀውና የሠለጠነው ለውጊያ ነበር፤ የሚያዘውም የክልሉ ፓርቲ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ክልል ለሌላው ክልል የሚፈራው ጦር ሆነ። የፌዴራል መንግሥት ልዩ ኃይሎችን ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ መደበኛ የክልል ፖሊስ ለማዋሐድ መጋቢት 28 ቀን 2015 ሲያስታውቅ፣ ውሳኔው በአማራ ክልል ከባድ ተቃውሞ ገጠመው፤ በወራት ውስጥም ወደ ጦርነት ተሻገረ። መሥሪያ ቤቱ ከመነሻው በብሔር ጥርጣሬ ላይ ስለተሠራ፣ የሚፈርስበትም ውሳኔ በብሔር ጥርጣሬ ተነበበ። «የእኛን አፍርሶ የእነሱን ሊያስቀር ነው» የሚለው ፍርሃት ከማንኛውም መግለጫ ቀድሞ ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የዚህን በር ክብደት ቦሌ በአንድ ሌሊት አይታዋለች። ጥቅምት 11 ለ12 ቀን 2012 ሌሊት፣ ቦሌ በሚገኘው የአክቲቪስቱ የአቶ ጃዋር መሐመድ መኖሪያ ቤት፣ የመንግሥት ጥበቃዎች ሳይታሰብ እንዲነሡ መታዘዛቸው ተሰማ። አቶ ጃዋር ጉዳዩን በፌስቡክ ገጻቸው አወጡት። የፌዴራል ፖሊስ የተለየ እርምጃ እንዳልተወሰደ ገለጸ። ከዚያ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣው ሁከት፣ መንግሥት ራሱ በሰጠው ቁጥር፣ የ86 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። እነዚህ ሰዎች በዚያ ሌሊት ቦሌ ስለሆነው ነገር የሚያውቁት አንዳች አልነበረም።

ጥበቃ የመመደብና የማንሣት ውሳኔ በሌላ አገር የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ነው። እኛ ዘንድ እንዴት የ86 ሰዎች ሞት ሆነ? ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንዳዘዘ፣ ለምን በሌሊት እንደተደረገ የሚናገር ሁሉም የሚያምነው አካል ስላልነበረ ነው። አንዱ ወገን ትእዛዙን እንደ ግድያ ሙከራ አየው፤ ሌላው እንደ ዘገየ እርምጃ አየው። እንደ ፖሊስ ሥራ ያየው አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ በ22 ማዞሪያ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን በተሠራበት ቦታ የይገባኛል ጥያቄ ምክንያት ፖሊስ በሌሊት ገብቶ ወጣቶች በጥይት ሲሞቱም የሆነው ይኸው ነው። የመሬት ሕግ ጉዳይ የነበረው ነገር እስኪነጋ ድረስ የሃይማኖትና የማንነት ቁስል ሆነ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው፣ ፖሊስ በሌሊትና በቃል ትእዛዝ የሚሠራው ሥራ ሕጋዊ እንኳ ቢሆን ሕጋዊ መስሎ እንደማይታይ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ብሎ አንድ መንገደኛ ሲጮህ ባለ ጋሻው፣ ባለ ሀብቱ፣ የጌታ አሽከሩም ባለበት ይቆም ነበር። ጠሪው ፖሊስ አልነበረም፤ መሣሪያም አልያዘም። ተጠሪው የቆመው ድምፁ የማንም ወገን ድምፅ እንዳልሆነ ስላመነ ነው። ያ እምነት ሲጠፋ መቶ ሺህ ፖሊስ ቢሰማራ አንድን ሰው በአንድ ቃል ማስቆም አይቻልም፤ የሚቀረው ጥይት ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር የጥርጣሬ በር ነው። እዚህ ላይ ያለፉትን ዓመታት በቅደም ተከተል ላንሣ፤ ሁላችሁም የየራሳችሁን ዓመት ታገኙበታላችሁ። በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ፤ የበዙት የኦሮሞ ወጣቶች ነበሩ፣ ከአማራ ክልል የተያዙም ነበሩ። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ንጹሓን ከተገደሉ በኋላ በአዲስ አበባ ወጣቶች ከየሰፈሩ ታፍሰው ወደ 1,200 ገደማ የሚሆኑት ጦላይ ወታደራዊ ካምፕ ገቡ፤ ክስ ሳይመሠረትባቸው «ሥልጠና» ወስደው ተመለሱ። በሰኔ 2012 መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በዚሁ ከተማ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሲገደል በሺዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 በታወጀው አዋጅ ደግሞ ተራው የትግራይ ተወላጆች ሆነ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ተፈቀደ፤ ሰዎች ከቤታቸው፣ ከሥራ ቦታቸው፣ ከካፌ ተወሰዱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ ከታሰሩት መካከልም አረጋውያንና ሕፃናት ያሏቸው እናቶች እንዳሉ አስታወቀ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 አዲስ አዋጅ ሲታወጅ ኮሚሽኑ እንደገና በአዲስ አበባ የአማራ ተወላጆች በስፋት እየታሰሩ መሆኑን የሚገልጹ አቤቱታዎች እንደደረሱት ተናገረ።

አያችሁት? የሥልጣን ተራ እንዳለ ሁሉ የእስር ተራም አለ። በ2009 እስረኛው አዋሽ ወዳሉ ካምፖች ሲጋዝ ከንፈሩን ያልመጠጠ ሰው፣ በ2015 የራሱ ልጅ እዚያው አዋሽ ተወሰደበት። በ2014 የጎረቤቱ በር ሲንኳኳ «መቼም ያለ ምክንያት አይወስዱትም» ያለ ሰው፣ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ቃል ስለ ራሱ ሲባል ሰማ።

ከሕጉም እንይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ብዙ መብቶችን ሊገድብ ይችላል። ሊነካቸው የማይችላቸውም ተዘርዝረዋል፤ ከእነሱ አንዱ አንቀጽ 25፣ የእኩልነት መብት ነው። ስለዚህ ሰውን በብሔሩ ምክንያት ማሰር በሰላም ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጦርነት መካከልም ክልክል ነው። «ጊዜው ልዩ ነው» የሚል መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በቦሌ ሚካኤል የተያዘ ሶማሊኛ ተናጋሪ ይህ ተደርጎለታል? መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በናይሮቢ ኢስትሌይ ሰፈር ሶማሌዎችን በሺዎች አፍሳ ካሳራኒ ስታዲየም ስታስገባ፣ ዓላማዋ ሽብርን መከላከል ነበር። ያተረፈችው ግን መረጃ ሊሰጣት ይችል የነበረ ሕዝብ አፉን እንዲዘጋ ማድረግ ነው።

የፖሊስን ሥራ የሚያውቁ ይህን አይክዱም። መርማሪ ወንጀለኛን የሚያገኘው በአብዛኛው ሰው ስለሚነግረው ነው። ሱቋ የተሰበረባት፣ ሞባይሉን የተነጠቀ፣ በጎረቤቱ ቤት ሕፃን ሲደበደብ የሰማ ሰው ወደ ጣቢያ የሚሄደው ጣቢያው ስሙንና አነጋገሩን ሰምቶ እንደማያስቀረው ሲያምን ነው። በአነጋገር ዘይቤ፣ በአባት ስም፣ በመታወቂያው ላይ ባለው የትውልድ ቦታ የሚጠረጥር ፖሊስ ምስክሮቹን በገዛ እጁ ያባርራል። ሌላም አለ። ያለ ምክንያት የያዘ ሰው ያለ ምክንያት ሊለቅ ይችላል፤ ያለ ምክንያት የሚለቅ ደግሞ ዋጋ ይጠይቅበታል። አፈሳ ባለበት ጉቦ ይረባል።

ሦስተኛው በር ዝምታ ነው። የተኮሰ ፖሊስ ቢያንስ ድምፁ ይሰማል፤ የቆመው ግን በታሪክ አይመዘገብም። ከሃጫሉ ግድያ በኋላ በኦሮሚያ በሦስትና በአራት ቀናት ውስጥ ስለሆነው ነገር የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ባወጣው ሪፖርት 40 አካባቢዎችን መርምሮ የ123 ሰዎችን ሞትና ከ500 በላይ ሰዎችን መቁሰል መዝግቧል። በአንዳንድ ቦታ የጸጥታ ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅመዋል። በሌሎች ቦታዎች፣ ሻሸመኔን በመሰሉ ከተሞች፣ ተጎጂዎች ደጋግመው ቢደውሉም የሚደርስላቸው አጡ፤ የተሰጣቸው መልስ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የሚል ነበር። ቤታቸው እየነደደ ነው። ጣቢያው የሚታይ ርቀት ላይ ነው። ትእዛዝ አልመጣም።

ይህን ለመረዳት በዚያ ቀን የዚያ ከተማ ፖሊስ የነበረውን ሰው ቦታ እንያዝ። በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ነው። መንገድ የዘጉት ወጣቶች የአጎቱ ልጆች፣ የሠፈሩ ልጆች ናቸው። አለቃው የፓርቲ ሹም ነው፤ ሹሙም ነገ ማን እንደሚያሸንፍ አላወቀም። ቢተኩስ «የገዛ ወገኑን ገደለ» ይባላል፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ይኖራሉ። ቢቆም ግን ማንም አይጠይቀውም። የብሔር ፖለቲካ የሚፈጥረው ሒሳብ ይኸ ነው፦ የሠራ ይጠየቃል፣ የቆመ ይሾማል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለ ሰው ጀግና ካልሆነ በቀር ይቆማል። አገር ደግሞ በየጣቢያው ጀግና እንዲገኝ እየጸለየች ልትኖር አትችልም። ሒሳቡን ነው መለወጥ ያለባት።

እዚህ ላይ ለፖሊሶቻችን ፍትሕ ማድረግ እፈልጋለሁ። በ1997 ምርጫ ማግስት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሆነውን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ሲመዘግብ 6 ፖሊሶችም መሞታቸውን መዝግቧል። ከሃጫሉ ግድያ በኋላ በተነሣውም ሁከት ግዴታቸውን ሲወጡ የሞቱ ፖሊሶች አሉ። በዚህ ከተማ ያለ ተራ ፖሊስ እንደ እኛው የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል፤ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ ያድራል፤ ብሔሩ ተለይቶ ይሰደባል። የ1997ቱን ያነሣሁት ለሌላም ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ተኩሱ የመጣው ከክልል ፖሊስ አልነበረም፤ ከማዕከሉ ነበር። ከዚያ በፊት በደርግ ዘመን የቀበሌ ጥበቃ ያደረገውንም እናቶች አልረሱትም። ስለዚህ «ሁሉን ወደ አንድ ማዕከል ብንመልሰው ይፈወሳል» የሚል ሰው ታሪኩን አንብቦ አልጨረሰም። ፖሊስ በብሔር ፓርቲ እጅም ሆነ በማዕከላዊ ፓርቲ እጅ፣ በፓርቲ እጅ እስካለ ድረስ የሕዝብ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔ ለማግኘት የሞከሩትን እንይ። በሰሜን አየርላንድ የሕዝቡ ከ40 በመቶ የማያንሰው ካቶሊክ ሆኖ ሳለ በቀድሞው ፖሊስ ውስጥ ካቶሊኮች 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የካቶሊኮችንና የፕሮቴስታንቶችን ግጭት ካስቆመው የሰላም ስምምነት በኋላ በክሪስ ፓተን የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ፖሊሱ ስሙንና ዓርማውን ቀየረ። ለአሥር ዓመት ያህል ከአዲስ ምልምሎች ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን ተደረገ፤ ድርሻቸውም ወደ 30 በመቶ ደረሰ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ የራሱ መርማሪዎች ያሉት የፖሊስ እንባ ጠባቂ ተቋቋመ። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ ፖሊሷ የአገሪቱን ብዝኃነት እንዲያንጸባርቅ ጻፈች፤ በሚቀጥለው ዓመትም ፖሊስን የሚመረምር ነፃ ባለሥልጣን በሕግ አቋቋመች። የኢስትሌይ አፈሳ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ተዋጽኦ ብቻውን እንደማይበቃ ኬንያ አሳይታናለች። ግን ዛሬ በኬንያ ፖሊስ ሰው ሲገድል የሚመረምር መሥሪያ ቤት አለ፤ ፍርድ ቤት የቀረቡና የተቀጡ ፖሊሶችም አሉ። እኛ ዘንድ ያለው ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያጣራል፣ ይጽፋል፣ ይመክራል፤ ምክሩ ግን የሚተገበረው ተመካሪው ሲፈቅድ ነው። በፖሊስ ላይ የሚቀርበው አቤቱታ በአብዛኛው ተመልሶ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ ፖሊስን የሚመረምር ነፃ አካል ይቋቋም። መርማሪዎቹ ከፖሊስ ያልተዋሱት ይሁኑ፤ መዝገቡን በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ የማቅረብ ሥልጣን ይኑረው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 423 ሕገ ወጥ እስርን፣ በ424 ሕገ ወጥ የምርመራ ዘዴን ይቀጣል። ሕጉ አለ፤ ከሳሽ የለውም። ሁለተኛ፣ ሕይወት በአደጋ ላይ ሲሆን ለማዳን ትእዛዝ እንደማያስፈልግ፣ ቆሞ ማየትም ወንጀል እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ በዚህም የሚጠየቀው ከታች ያለው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ የከለከለው ሹም ጭምር ይሁን። ሦስተኛ፣ በሌሊት የሚደረግ፣ ብዙ ሕዝብን የሚነካ የፖሊስ ሥራ ሁሉ ስምና ፊርማ ባለው የጽሑፍ ትእዛዝ ይሁን። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ክልል በውስጡ በቁጥር አነስ ብለው ከሚኖሩት ማኅበረሰቦች ፖሊስ ይመልምል። ሰንዳፋ ባለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ከየአቅጣጫው የመጡ መኮንኖች በአንድ አዳራሽ ይማራሉ። ያ አብሮነት እንደተመረቁ መበተን የለበትም፤ በየጣቢያው መቀጠል አለበት። አምስተኛ፣ የአባት ስም፣ ቋንቋና የትውልድ ቦታ የጥርጣሬ ምክንያት እንዳይሆኑ ይከልከል። በአዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ላይ ብሔር አይጻፍም፤ ይህ መልካም ጅምር ነው። ከካርዱ የወጣው ጥያቄ በኬላ ላይ በቃል ተመልሶ እንዳይመጣ መጠበቅ ግን አለብን።

በዚህ በምሥራቁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአዲስ አበባ አስተዳደርና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 በወሰን ጉዳይ ተስማምተዋል። ወሰን ያለ ግልጽ የፖሊስ ኃላፊነት ግን ወረቀት ነው። በለሚ ኩራ ዳርቻ የሚኖር ሰው ሲደበደብ ማንን እንደሚጠራ፣ ሲያዝ በየትኛው ጣቢያ እንደሚፈለግ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቆም በግልጽ ይነገረው። ልጇን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ የምትንከራተት እናት የምትጠይቀው የፖለቲካ ጥያቄ አይደለም፤ ልጄ የት ነው ያለው የሚል ብቻ ነው። መልስ የማግኘት መብት አላት።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ሁሉ ከመንግሥት እንጠይቃለን፤ ለመጠየቅ ግን እኛም ብቁ መሆን አለብን። የምንጮኸው የእኛ ወገን ሲታሰር ብቻ ከሆነ፣ ጩኸታችን የፍትሕ ሳይሆን የተራ ጩኸት ይሆናል፤ ያዘዘውም ሹም ይህን ያውቃል፣ ይጠቀምበታልም። በየብሎኩ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አለን፤ እድር አለን፤ ጠበቆች ጎረቤቶች አሉን። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲወሰድ፣ ብሔሩ ምንም ይሁን፣ ሁለት ጎረቤቶች በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ ይገኙ። የት እንዳለ፣ በምን እንደተጠረጠረ፣ 48 ሰዓቱ መቼ እንደሚሞላ በጨዋ ቃል ይጠይቁ፤ የመለሰላቸውን ፖሊስ ስምና ማዕረግ ይጻፉ፤ ፍርድ ቤት በቀረበ ዕለትም ችሎቱ ላይ ይቀመጡ። ጥፋተኛ ከሆነ ሕግ ይቅጣው። ካልሆነ ግን የተያዘው በማንነቱ እንደሆነ የሚመሰክሩለት የሌላ ብሔር ሰዎች ይኖሩታል። ኦሮሞው ለአማራው፣ አማራው ለትግራዋዩ፣ ትግራዋዩ ለሶማሌው፣ ሶማሌው ለኦሮሞው እንዲህ የሚቆምባት ሰፈር ፖሊስን በብሔር ማዘዝ ለሚፈልግ ማንም ገዥ አትመችም። ይህን ለመጀመር አዋጅ አያስፈልገንም። ከዚህ ሳምንት እንጀምር።